የደም ግፊት በመሥሪያ ቤት፦ መለኪያ እንግዛ፣ ነርስ እንቅጠር ወይስ ክሊኒክ እንዋዋል?

ስለ ሠራተኞቹ ልብ ጤና ማሰብ የጀመረ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሕክምና ዕቃ መሸጫ ነው። "ጥሩ የግፊት መለኪያ አላችሁ?" ይላል። ዕቃው ይገዛል፤ የሰው ሀብት ቢሮ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ለሁለት ሳምንት ሁሉም ይለካል፣ ይሳሳቃል፣ "ያንተ ስንት ሆነ?" ይባባላል። ከዚያ መለኪያው አቧራ ይለብሳል።

ዕቃው ምንም አላጠፋም። ችግሩ ከልኬቱ በኋላ ያለው ነገር አለመታሰቡ ነው። ማክሰኞ ጠዋት 160 በ100 የወጣበት ሰው እስከ አርብ ድረስ ባለሙያ ያየዋል ወይ? ከታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ ጥያቄ ነው። ዋጋና ምቾት ከእሱ በኋላ ይምጡ።

ለምን ሥራ ቦታ?

ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። "ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለብኝም" የሚል ሰው በየቢሮው አለ። 170 ይዞ ምንም ሳይሰማው አራተኛ ፎቅ በእግሩ የሚወጣም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አኃዝ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ አዋቂዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው። ግማሽ የሚጠጉት አያውቁትም። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 ከመቶ ገደማ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። 200 ሠራተኛ ባለው ድርጅት በዚህ ስሌት ወደ 30 ሰው ይሆናል። የእናንተ ቁጥር እንደ ሠራተኛው ዕድሜ ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል።

ደግሞም የ40 ዓመት ጎልማሳ ሳያመው ጤና ጣቢያ አይሄድም። ሥራ ግን በየቀኑ ይገባል። እዚያ ካላገኛችሁት ሌላ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

የሚገኘው ጥቅምም ቀላል አይደለም። ብዙ ጥናቶችን ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ትልቅ ትንተና እንዳሳየው በመድኃኒት የላይኛው ቁጥር (160 በ100 ሲባል 160ው) በ5 ብቻ ሲወርድ እንደ ስትሮክና ልብ ድካም ያሉ ከባድ አደጋዎች በ10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳሉ።

ስንት ሲሆን ነው "ከፍ አለ" የሚባለው?

እዚህ ላይ አልቆይም። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት 140 በ90 ነው። በአንድ ቀን ልኬት ብቻ አይወሰንም፤ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ 130 በ80 ሲባል ትሰማላችሁ፤ የእነሱ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት መስመሩን ዝቅ ስላደረጉት ነው። አገር ቤት ያለ ድርጅት ከሚዋዋለው ክሊኒክ ጋር በአንዱ መስፈርት ይስማማና በዚያው ይጽና። ሁለቱን ማደባለቅ ሠራተኛውን ግራ ከማጋባት በቀር ጥቅም የለውም።

አንድ ነገር ግን ለክርክር አይቀርብም። ቁጥሩ 180 በ120ን አልፎ ሰውየው ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ "ትንሽ ልረፍ" አይባልም። ወዲያው ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መለኪያው አጠገብ ተጽፎ ይለጠፍ።

ከመሣሪያው በፊት አለካኩ

የምርመራ ቀን በተባለ ዕለት ግቢ ውስጥ የሚሆነውን ተመልከቱ። የጥበቃው ጋሼ ፈረቃቸውን አስረክበው እየተጣደፉ ይመጣሉ። እንደደረሱ ወንበር ላይ ቁጭ። ሹራባቸውን ወደ ላይ ይጠቀልላሉ፤ እጅጌው ክንዳቸውን አንቆ ይይዛል። እግራቸውን አነባብረዋል። ክንዳቸው ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሏል። ነርሷ ማሰሪያውን እያጠበቀች "ጋሼ፣ ልጆች እንዴት ናቸው?" ትላለች። እሳቸውም ስለ ትልቁ ልጃቸው ፈተና መተረክ ይጀምራሉ። 152 በ94 ይወጣል። "ግፊት አለብዎት" ይባላሉ።

በዚያች አንድ ደቂቃ አምስት ስህተት ተሠርቷል። አላረፉም፣ እጅጌው ክንዳቸውን አስሯል፣ እግራቸው ተነባብሯል፣ ክንዳቸው አልተደገፈም፣ እያወሩ ነበር። እያንዳንዱ ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ሲደመሩ ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስላሉ። ጋሼ ምናልባት ግፊት አለባቸው፤ ምናልባት የላቸውም። ከዚህ ልኬት ግን ማወቅ አይቻልም።

ትክክለኛው አለካክ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰውየው ሽንት ቤት ደርሶ ይምጣ። ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ዝም ብሎ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ክንዱ ባዶ ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ በልብ ከፍታ ይረፍ። ሁለት ጊዜ ይለካ፤ በመሃሉ አንድ ደቂቃ ይኑር። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ሩጫ አይኑር። ይህች የቡናዋ ነገር ለእኛ ቢሮዎች ፈተና ናት። አራት ሰዓት ላይ ቡና ተጠጥቶ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ምርመራ የሚጀመርበት ቤት ብዙ ነው። ጫትም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከሰዓት በኋላ የሚለኩ ሰዎች ዘንድ ሳይነቅፉ በለሆሳስ መጠየቅ ነው።

የማሰሪያው ስፋት ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በጣም ሰፊ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች በመደበኛው ሲለካቸው የላይኛው ቁጥር በ20 ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። ለቀጭን ክንድ መደበኛው ሲታሰር ደግሞ ቁጥሩ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ያሉ ወጣት ሴቶችን አስቡ። ብዙዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ አንድ ማሰሪያ ለሁሉም አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት መጠን ይኑር፤ የክንድ ዙሪያ የሚለካ ሜትርም አጠገቡ ይቀመጥ።

አማራጭ አንድ፦ ራስን በራስ መለኪያ

ጥግ ላይ የሚቀመጠው አውቶማቲክ መሣሪያ ነው። ርካሽ ነው፣ ሰልፍ የለውም፣ ሰው ሲመቸው ይለካል። ከ50 ሰው በታች ላለው ቢሮ መጥፎ ጅምር አይደለም።

ሲገዛ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት። ለመያዝ ቀላል ነው፤ እጁ ከልብ ከፍታ ትንሽ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ግን ቁጥሩ ይዛባል። የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረው ይሻላል። ብራንድ ብቻ አትዩ። ኦምሮንም ሆነ ማይክሮላይፍ ብዙ ሞዴል አላቸው፤ መታየት ያለበት ያ ሞዴል በገለልተኛ ወገን ተፈትኖ ማለፉ ነው። ስትራይድ ቢፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያለፉትን በድረ ገጹ ይዘረዝራል። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ሲላችሁ የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ እዚያ ፈልጉ። በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቁም። ከስልክ ጋር መገናኘቱ ግን ብዙም አያስፈልጋችሁም፤ እንዲያውም የማን ቁጥር የት እንደሄደ የሚያነጋግር ጣጣ ያመጣል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። 165 ያየ ሰው ብቻውን ነው። አንዱ ይደነግጥና ደጋግሞ ይለካል፤ በለካ ቁጥር ይጨምርበታል። ሌላው "ማሽኑ ተበላሽቷል" ብሎ ይሄዳል። ይህን አማራጭ ከመረጣችሁ ከመሣሪያው በላይ የምትለጠፈዋ ወረቀት ትበልጣለች፤ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ድገም፣ አሁንም ከፍ ካለ እዚህ ስልክ ደውል፣ ለቀጠሮው ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግህም። ያቺ ስልክ የእውነተኛ ክሊኒክ ስልክ ትሁን።

አማራጭ ሁለት፦ ዓመታዊ የምርመራ ቀን

ክሊኒኩ ቡድኑን ይዞ ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ፎቶ ይነሣል። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ይለካል፤ በራሱ ፈቃድ ፈጽሞ የማይለካውም ጓደኛው ሲሰለፍ አብሮ ይሰለፋል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

እኔ ግን ብቻውን ሲሆን ብዙም አልወደውም። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ አምስት ደቂቃ ማረፍ የሚባል ነገር አይኖርም። ግቢው ጫጫታ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ግፊት የሚባለው ደግሞ በሁለት ቀን ልኬት ነው። ሁለተኛው ቀን ከሌለ ከፍ ያለበት ሰው ቁጥሯን በብጫቂ ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቷ ኪስ ትገባለች፤ ከሱሪው ጋር ትታጠባለች።

ክሊኒኩን የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ "ስንት ሰው ትለካላችሁ?" አይሁን። "ከፍ ያለባቸውን ለመድገም መቼ ትመለሳላችሁ?" በሉት። "እነሱ ራሳቸው ወደ እኛ ይምጡ" ካለ ዋጋውን ቀንሱ ወይም ሌላ ፈልጉ።

አማራጭ ሦስት፦ የግቢ ነርስ

የአበባ እርሻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሲሚንቶ፣ በአጠቃላይ ብዙ መቶ ሰው በፈረቃ የሚሠራበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ይህን የሚያህል የለም። ነርሷ ሁልጊዜ አለች። ዛሬ ከፍ ያለበትን ሐሙስ ትደግመዋለች። የሌሊት ፈረቃውንም ታገኘዋለች። መድኃኒት የጀመረው ሰው እየወሰደ መሆኑንም ትጠይቃለች።

ይህ የመጨረሻው ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። የግፊት መድኃኒት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሰውየው ሲሻለው ነው። "ወርዷል፣ ተውኩት" ይላል። የወረደው በመድኃኒቱ መሆኑን የሚነግረው ሰው ካጠገቡ ከሌለ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ 170 ላይ ነው። ጾም ሲገባም እንዲሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወይም ረመዳን የያዘ ሠራተኛ የጠዋቱን ክኒን ዝም ብሎ ይዘለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከእንግሊዝ የወጣ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱ ጠዋት ቢወሰድ ወይም ማታ ከልብ አደጋ በመከላከል በኩል ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ ብዙው ሰው ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን መቀየር ይችላል። ይህን በጊዜው የምትናገረው ነርሷ ናት። ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ በየቀኑ የሚውጠውንም የምታገኘው እሷ ናት፤ እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎች ግፊት ከፍ እንደሚያደርጉ ብዙ ሰው አያውቅም።

ችግሯ ደመወዟን የሚከፍላት ድርጅቱ መሆኑ ነው። ሠራተኛው "ለአለቃ ትነግርብኛለች" ብሎ ካመነ ነገሩ አበቃ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አማራጭ አራት፦ ከክሊኒክ ወይም ከጤና ጣቢያ ጋር ውል

ሠራተኛው ደብዳቤ ይዞ ራሱ ይሄዳል። ሕክምናውና ልኬቱ አንድ ቦታ ነው፤ የመዝገብ ምስጢርም ይጠበቃል። በወረቀት ላይ ምርጥ ነው። በተግባር የሚሄዱት ግን ድሮም ስለ ጤናቸው የሚጨነቁት ናቸው። የ35 ዓመቱ የሽያጭ ሠራተኛ "ነገ እሄዳለሁ" እያለ ዓመቱ ያልቃል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ልኬት ደካማ፣ ለቀጣዩ ክትትል ግን ጠንካራ ነው። የምርመራ ቀንና የክሊኒክ ውል ሲጣመሩ የየብቻቸው ቀዳዳ ይደፈናል። ሁለት ሰዓት የሚከፈልበት ፈቃድ ጨምሩበት፤ ለሰዓት ፈራሚው ያ ከስብከት ይበልጣል።

አማራጭ አምስት፦ ለቤት የሚውል መለኪያ ማዋስ

ይህ ለሁሉም አይደለም። ሥራ ቦታ ላይ ከፍ ላለበት ሰው ሁለተኛ እርምጃ ነው። ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ ግፊቱ የሚወጣበት ሰው አለ። በተቃራኒው ክሊኒክ ውስጥ ደህና ሆኖ ሥራ ላይ ሲወጠር የሚንርበትም አለ። ለመለየት ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካል፤ የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የሌላው አማካይ ይወሰዳል። የቤት ልኬት መስመር ዝቅ ይላል፤ 135 በ85 ነው። ሦስት ወይም አራት መሣሪያ ገዝቶ በፊርማ ማዋስ ለመካከለኛ ድርጅት ከአቅም በላይ አይደለም።

ስለ ባለሙያው ቦታ አንድ የሎስ አንጀለስ ወሬ

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ሎስ አንጀለስ ያሉ የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤቶችን ይዞ ሠራ። ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ወንዶች ገቡበት። በአንደኛው ወገን ፀጉር አስተካካዮቹ "ሐኪምህን አማክር፣ አኗኗርህን አስተካክል" ብለው መከሩ። በሌላው ወገን ፋርማሲስት ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ ከሐኪሞቻቸው ጋር ተስማምቶ መድኃኒት አዘዘ፣ ተከታተለ። ከስድስት ወር በኋላ የላይኛው ቁጥር በምክሩ ወገን በ9 ገደማ፣ በፋርማሲስቱ ወገን በ27 ወረደ።

ልዩነቱን ያመጣው ሕክምናው ሰውየው ወዳለበት መሄዱ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ አጠገብ ባለሙያ ያለው መድኃኒት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ካለ በሳምንት ግማሽ ቀን ወደ ግቢው የሚመጣ ሰው እንዲመድብ ተደራደሩ። ከአንድ ትልቅ የምርመራ ቀን ያነሰ ድምቀት አለው። የሚሠራው ሥራ ግን ይበልጣል።

ቁጥሩን ማን ያያል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። የግፊት ልኬት ለሁሉም ሲደረግ ግን በፈቃድ ይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የጤና መረጃ በተለየ ጥንቃቄ የሚያዝ ነው። የሰው ሀብት ክፍል ስም ዝርዝር አያስፈልገውም። የሚበቃው "120 ሰው ተለካ፣ 22 ከፍ አለባቸው፣ 17 ሐኪም አዩ" የሚል ጥቅል ነው። አምስት ሰው ባለው ክፍል ደግሞ ጥቅሉም ስም ነው፤ አይውጣ።

ሹፌሮች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። የጂቡቲ መስመር ሹፌር በምርመራ ቀን ግቢ አይገኝም፤ መንገድ ላይ ነው። እንቅልፉ የተቆራረጠ፣ ምግቡ ጨው የበዛበት ነው። ቢለካም "ከፍ ካለ መኪናዬን ይቀሙኛል" ብሎ ይፈራል። ለእሱ መለኪያው ስምሪት ክፍል ይሁን፤ ውጤቱ ግን ስምሪት ኃላፊው ጋ አይድረስ። ግፊት ተገኘ ተብሎ ሰው ከሥራ የሚወርድ ከሆነ የሚቀጥለው ሹፌር አይለካም፤ መንገድ ላይ ስትሮክ የሚመታው እሱ ይሆናል።

እንግዲህ የቱን?

ከ50 ሰው በታች ከሆናችሁ አንድ የተፈተነ መሣሪያ፣ ሁለት ማሰሪያና የአንድ ክሊኒክ ስልክ ይበቃችኋል። ከ50 እስከ 300 ከሆናችሁ ሁለት ዙር ያለው የምርመራ ቀን ከክሊኒክ ውል ጋር፤ ገንዘብ ከተረፈ የሚዋሱ መሣሪያዎች። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ፣ በተለይ ፈረቃ ካለ፣ የግቢ ነርስ። ከነርሷ ጋር በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ጤና መኮንን ወይም ሐኪም ካልተጨመረ ግን ማዘዝ የማትችል ነርስ እየለካች ትመዘግባለች እንጂ ነገሩ አይንቀሳቀስም።

በጀት ካጠረ ከመሣሪያው ብዛት ቀንሱ። ከክትትሉ አትቀንሱ።

ቀኑን ስትመርጡ የዓለም የደም ግፊት ቀን ግንቦት 9 ነው፤ ብዙ ክሊኒክ ያን ሰሞን ለመተባበር ዝግጁ ስለሚሆን ይመቻል። ከፋሲካ ጋር ከተጠጋ ግን አንድ ሁለት ሳምንት ግፉት፤ ሰው ከሁዳዴ ወጥቶ ሥጋና ቅቤ ላይ በወደቀበት ሳምንት የሚወጣውን ቁጥር አታምኑትም። የሒሳብ መዝጊያ ሰሞንም አይሁን። ሁለተኛውን ዙር ደግሞ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ አብራችሁ ጻፉት፤ በኋላ እንወስናለን የተባለ ዙር አይመጣም።